ከተማው ጥሎት የሄደ በር፦ አሊዩ አምባ

፩

የሸዋ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚጀምረው ከአንኮበር ግቢ ነው። ንጉሡ ምን አሉ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ዘመቻው በየት በኩል ዘለቀ፤ እኛም ይኸንኑ እያነበብን፣ ይኸንኑ ለፈተና እያጠናን እዚህ ደርሰናል። ስለ በሩ የሚያወራልን ግን እምብዛም አላገኘንም። የትኛውም ግቢ ያለ በር አይኖርም። ጨዉ፣ ጨርቁ፣ ጠመንጃው፣ እንግዳው፣ ወሬው፣ ሁሉም የሚገባው በበር ነው። የአንኮበር በር ደግሞ አጥሩ ላይ የተገጠመው ሳንቃ አልነበረም። ከተራራው በታች ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ በእግር የጥቂት ሰዓት መንገድ የሚርቅ አንድ የገበያ ከተማ ነበር። ስሙም አሊዩ አምባ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ከተማ ሌላውን ከተማ በማገልገል ቢያድግ፣ ከዚያም ያ የሚያገለግለው ከተማ ጓዙን ጠቅልሎ ቢሄድ፣ የቀረው ምን ይሆናል? ጥያቄው የነጋሪትና የግመል ዘመን ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፕላን ዘመንም ጥያቄ ነው። ዛሬ አንድ ትልቅ ከተማ ማረፊያውን ከራሱ አርቆ፣ ሌላ ሰው መሬት ላይ፣ ሜዳ ፈልጎ ይሠራል። ሰውና ዕቃ እዚያ ይራገፋል፣ እዚያ ይፈተሻል፣ እዚያ ገንዘቡን ይመነዝራል፣ ከዚያ ወደ ከተማው ይሄዳል። በመቶ ሰማንያ ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ አሊዩ አምባ ይሠራ የነበረው ይኸንኑ ሥራ ነው። ክንፍ ያለው ነገር ብቻ ነው የቀረው።

፪

መሬቱን ሳናይ ነገሩ አይገባንም። አንኮበር ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጉም የማይለየው ተራራ ላይ የተቀመጠ። ከግቢው ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ምድር በድንገት ተቆርጣ ስትወርድ ያያል። ከሩቅ የሚታየው ጭጋጋማ ሜዳ የአዋሽ በረሃ፣ የአፋር አገር ነው። አሊዩ አምባ ያለው ከዚህ ቁልቁለት ወገብ ላይ ነው፤ ከፍታው 1,500 ሜትር አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ ከላይ ገብስና ብርድ፣ ከታች ሙቀትና ግመል፤ አሊዩ አምባ በሁለቱ መካከል ነው።

ነገሩን ሁሉ የሚወስነውም ግመል ነው። ግመል የበረሃ ልጅ ነው፤ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የሚወዳደረው የለም፤ ድንጋያማውን የሸዋን አቀበት ግን አይወጣም፣ ብርዱንም አይችልም። ከታጁራ ተነሥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ የመጣው ቅፍለት ፋሬ ከተባለችው የታችኛዋ ኬላ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ አህያ፣ በቅሎና የሰው ጀርባ ይረከባሉ። ይኸ የጭነት መገላበጥ ነው ከተማ የሚወልደው። ዕቃ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ የሚዛወርበት ቦታ ሁሉ የሚያሳድር ቤት፣ የሚያስማማ ደላላ፣ የሚመዝን ሰው፣ የሚያስተረጉም ሰው፣ የሚቀርጥ ሹም ይፈልጋል። ነጋዴው ከአቀበቱ ሥር ደርሶ ማረፍ ግድ ነው፤ ካረፈ ይበላል፣ ከበላ ይነግዳል።

ይህ ነገር በአሊዩ አምባ ብቻ የታየ አይደለም። በአገራችን ታላላቆቹ የድሮ ከተሞች ደጋ ላይ ናቸው፤ ጠላትን ለማየትና ወባን ለመሸሽ ይመቻልና። በሮቻቸው ግን ቆላ ላይ ናቸው። ሐረር ከላይ፣ ድሬዳዋ ከታች። ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች። ወደነዚህ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

፫

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም እ.አ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ አሊዩ አምባ የሸዋ መንግሥት ዋነኛ የውጭ ንግድ ገበያ ነበር። ገበያው የሚቆመው ዓርብ ነው። ከቆላው አፋር፣ ከምሥራቅ ሐረሪ፣ ከአካባቢው አርጎባ፣ ከደጋው አማራ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ኦሮሞ ይገናኙበታል። የከተማው ነዋሪ በብዛት እስላም ነበር፤ ንጉሡና ቤተ መንግሥቱ ክርስቲያን። ሐረሪዎች ከተማው ውስጥ ተቀምጠው ይነግዱ ነበር። አርጎባዎች ደግሞ በሽመናቸውና በንግዳቸው የታወቁ፣ በጥንቱ የይፋት ምድር የኖሩ ሕዝብ ናቸው።

ከባሕር የሚመጣው ጨርቅ፣ ሐር፣ መዳብ፣ ዶቃና የጦር መሣሪያ ነበር። ከአፋር በረሃ፣ ከአሳል ሐይቅ፣ ጨው ይመጣል። ከሸዋ ወደ ባሕር የሚሄደው የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድ፣ ቆዳ፣ እንዲሁም ዝቅ ብለን ለብቻው የምናነሣው ሌላ «ዕቃ» ነበር። ገንዘቡ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ በየትኛውም ዓመት ይመታ እላዩ ላይ የተጻፈው 1780 የሆነው ያ ነጭ ብር። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነው። ከአውሮፓ የተመታ ብርና ከምድር የተቆረጠ ጨው በአንድ መደብ ላይ ሲመነዘሩ አስቡት። የዛሬው አውሮፕላን ማረፊያ የገንዘብ መመንዘሪያ መስኮት አለው፤ አሊዩ አምባ ደግሞ መስኮት የሌለው መመንዘሪያ ነበር።

ታዲያ በሩን የሚጠብቀው ማነው? የይፋት ገዥ የነበረው ወላስማ መሐመድ ነው። «ወላስማ» የሚለው ማዕረግ ከአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይፋትን ከገዛው የእስላም ሥርወ መንግሥት የወረደ ስም ነው። የጥንቱ ሱልጣኖች ስም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የክርስቲያን ንጉሥ የበር ጠባቂ ማዕረግ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህም የሸዋ ነገሥታት ብልሃት ነው። በረሃውን የሚያውቀው፣ ቋንቋውን የሚችለው፣ ሃይማኖቱን የሚጋራው ሰው በሩን ቢይዝ ይሻላል ብለው አስበዋል። የወላስማው መቀመጫ ጎንቾ ይባላል፤ እዚያም የንጉሡ እስር ቤት ነበር፣ ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የንጉሡ ዘመዶች ሳይቀሩ የታሰሩበት። እንግዲህ አንዱ ሹም ገቢውን እንግዳ ያግዳል፣ መውጣት የሚሻውንም ዘመድ ያግዳል። በር ማለት እኮ መክፈቻ ብቻ አይደለም፤ መዝጊያም ነው።

ይኸን በር የቀመሱት አውሮፓውያን ብዙ ናቸው። ሚስዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1831 ዓ.ም. መጡ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በዚያው ሰሞን ደረሰ፤ ቆይቶም በ1835 ዓ.ም. የፈረንሳይን ውል ከንጉሡ ጋር ተዋዋለ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዎሊስ ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከታጁራ ተነሥቶ ስድስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ፋሬ ገባ። በመንገድም ላይ ጉንጉንቴ በተባለው ሰፈር ሦስት ሰዎቹ በሌሊት ተገድለውበታል። መድፉንና እጅ መንሻውን ሽቅብ ለማውጣት በመቶ የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች አስፈልገዋል። ታላቋ ብሪታንያ የሚያህል መንግሥት የላከው ሰው እንኳ የንጉሡ ፈቃድ እስኪወርድለት ከአቀበቱ ሥር ጠብቋል። የዛሬው መንገደኛ ፓስፖርቱን ይዞ ተሰልፎ ሲጠብቅ አዲስ ነገር የደረሰበት ይመስለዋል፤ አይደለም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

በ1834 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሁለት ወር ያህል በአፋር በረሃ ተጉዞ መጣና አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ይህ ሰው ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ሐሪስ ግቢውን አየ፣ ጆንስተን ግን ሰፈሩን አየ። እ.አ.አ. በ1844 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንደተበላ፣ ገበያው እንዴት እንደሚውል፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዴት እንደሚኗኗር ጽፏል። ዛሬ ስለዚያ ዘመን አሊዩ አምባ የምናውቀው ብዙው ነገር ከእርሱና ከእርሱ መሰሎች ብዕር የመጣ ነው። ይህም ያሳዝናል፣ ያስገርማልም። የበሩን ታሪክ የጻፉልን በበሩ ያለፉት እንጂ በበሩ የኖሩት አይደሉም።

፬

አሁን ከላይ ያቆየነውን ነገር እናንሣ። ስለ አሊዩ አምባ ብልጽግና ተናግሮ ይህን መዝለል የታሪክ ተማሪ ወግ አይደለም። ከአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር። የሚሸጠው ሰው ነው።

ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጉራጌና ከኦሮሞ ምድር፣ ከዚያም ወዲያ ካሉ አገሮች በጦርነትና በዘረፋ የተያዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆችና ወጣት ሴቶች፣ ሸዋን አቋርጠው እዚህ ይደርሳሉ። እዚህ ተሽጠው፣ ቅፍለቱ ወደ ታጁራ ወይም ወደ ዘይላ ሲመለስ አብረው ይወርዳሉ፤ ከዚያም በጀልባ ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ። ጨርቅና ዶቃ ሽቅብ የወጣበት መንገድ፣ ያው መንገድ፣ ሰው ቁልቁል የወረደበት መንገድ ነው። ንጉሡም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ነበራቸው። ነጋዴውም አተረፈ፣ ደላላውም አተረፈ፣ አሳዳሪውም አተረፈ። የእንግሊዙም ውል ቢሆን የንግድ ውል ነበር እንጂ ይህን ገበያ አልዘጋውም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው ብዙ ቆይቶ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምንጽፈው ከተማውን ለመክሰስ አይደለም። ንግዱ የአንድ መንደር ፈጠራ አልነበረም፤ ከዘማቹ መኳንንት እስከ ባሕር ማዶው ገዢ የሚደርስ ረጅም ሰንሰለት ነው፣ አሊዩ አምባና አብዱል ረሱል ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ናቸው። ግን አንድ ነገር መባል አለበት። «ጥንት እንዲህ የበለጸገ ገበያ ነበረን» ብለን ስንኮራ፣ ብልጽግናው ከምን እንደተሠራ አብረን እንቁጠር። ከአብዱል ረሱል ቁልቁል ከወረዱት ልጆች ስሙ የተጻፈልን ስንቱ ነው? የንጉሡ እጅ መንሻ ዝርዝሩ ተመዝግቧል፤ የጠመንጃው ቁጥር ተመዝግቧል፤ የመድፉ ዓይነት ሳይቀር ተመዝግቧል። የልጆቹ ስም ግን ከእነርሱ ጋር ባሕር ተሻግሮ ቀረ። የበር ታሪክ ይኸም ጭምር ነው።

፭

በሩ እንዴት ተዘጋ? አንዳንዱ ነገር ቀስ በቀስ ይሞታል፣ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ዓመት ይወሰንበታል። የአሊዩ አምባ ዓመት 1879 ዓ.ም. ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከዚያ በፊት ዳግማዊ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የሸዋ ንጉሥ ከሆኑ ጀምሮ አንኮበር እንደገና ሞቅ ብሎ ነበር። የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ማርኬዝ አንቲኖሪ እ.አ.አ. በ1876 መጥቶ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ቦታ መሬት ተሰጠው፤ በ1874 ዓ.ም. እስከሞተበት ጊዜም የጥናት ጣቢያው እዚያ ነበር። የቦታውን ስም ልብ በሉት፤ «ማረፊያ»! ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሜዳ የምንጠራበት ቃል ያን ጊዜ መንገደኛ በቅሎውን የሚያሳርፍበት ቦታ ስም ነበር። ቋንቋችን ነገሩን ከእኛ ቀድሞ አውቆታል።

ከዚያ 1879 መጣ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ወዳለው ፍልውሃ ወረደ፤ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በታኅሣሥ መጨረሻ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር ድል ነሥተው ሐረር ገቡ። በጥር ማብቂያ ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ የጠመንጃ ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ፣ አራት ወር ያህል በረሃ ላይ ተንገላትቶ፣ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ደረሰ። ሰውዬው አርቱር ራምቦ ይባላል፤ በወጣትነቱ ግጥም ጽፎ የተወ፣ በኋላ ዓለም ያወቀው ባለቅኔ ነው። አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም። ዕዳና ክርክር እየተከተለው እስከ እንጦጦ ሄደ። እዚያም ንጉሡ ጠመንጃውን በርካሽ ወሰዱና ሂሳቡን የሚከፍሉት ሐረር ላይ ያሉት ራስ መኰንን እንዲሆኑ ወረቀት ጻፉለት። ራምቦም በመጣበት በአፋር መንገድ አልተመለሰም፤ በአዲሱ በሐረር መንገድ ወረደ።

ይህችን ትንሽ ታሪክ ደጋግመን አሰብናት። በአንድ ነጋዴ ጉዞ ውስጥ የአንድ በር መዘጋትና የሌላ በር መከፈት ይታያል። የገባው በአንኮበር ነው፣ የወጣው በሐረር ነው። ንጉሡ እንጦጦ፣ ገንዘቡ ሐረር። አሊዩ አምባ ከሁለቱም የለችበትም። ማንም አላቃጠላትም፣ ማንም አልወረራትም፤ መንገዱ ብቻ ነው ሌላ ጋ የሄደው። ከተማን የሚገድለው እሳት ብቻ አይደለም።

የቀረውን ባቡሩ ጨረሰው። ውሉ በ1886 ዓ.ም. ተሰጠ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ግመል በሳምንታት የሚሄደውን መንገድ ባቡር በቀናት ጨረሰው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ አንድ የፈረንሳይ ፖቴዝ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ። ሐሪስ ስድስት ሳምንት፣ ጆንስተን ሁለት ወር፣ ራምቦ አራት ወር ከተጓዙበት ከዚያው ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በሰዓታት። ያ አውሮፕላን ፋሬ አልተቀረጠም፤ አሊዩ አምባም አላደረም።

፮

አሁን ወደ ሌሎቹ በሮች እንመለስ፤ ማወዳደር ካልቻልን የአንዲቱ ከተማ ዕጣ የዕድል ነገር ብቻ ሊመስለን ይችላልና።

ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ፣ ወይም ወጪው ስለከበደ ነው። ልክ እንደ ግመሉ ማለት ነው። ሐዲዱ ከታች አለፈ፤ ከተማ በቀለ። በር ሆና የተፈጠረችው ድሬዳዋ ግን የምታገለግላትን ሐረርን በልጣ አደገች። ዛሬ ሐረር የሚሄድ ሰው አውሮፕላን የሚወርደው ድሬዳዋ ነው። ደሴም እንዲሁ ናት፤ ከተራሮች መካከል የተቀመጠች በመሆኗ አውሮፕላን የሚያርፍላት ከታች፣ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ኮምቦልቻም በራሷ ፋብሪካዎች የምትተዳደር የኢንዱስትሪ ከተማ ሆናለች።

እነዚህ ለምን ኖሩ? አሊዩ አምባ ለምን ቀረች? መልሱ ከፊሉ ግልጽ ይመስለናል። ድሬዳዋ የባቡሩ መጠገኛ፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበራት፤ ኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ አላት። በሩ ባይሠራ እንኳ እጃቸው ይሠራል። አሊዩ አምባ ግን በዚያ ዘመን ትልቁን ገቢዋን የምታገኘው ለአንድ ግቢ ከሚያልፍ ዕቃ ነበር። ግቢው ሲነሣ የሚያልፍ ዕቃ ጠፋ። የሸማኔው መወርወሪያና የገበሬው ሞፈር ግን አልጠፉም፤ ከተማዋን ከነስሟ እስከ ዛሬ ያቆዩት እነርሱ ናቸው እንጂ ቀረጡ አይደለም።

ራቅ ብለን እንይ። በጃፓን የሂሮሺማ ከተማ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ድሮ ማረፊያዋ እዚያው ከተማው ዳር ነበር። እ.አ.አ. በ1993 አዲሱ ማረፊያ ተከፈተ፤ የተሠራውም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቆ፣ ተራራ ተቆርጦ ነው። የአንኮበር ግልባጭ ነው፤ ከተማዋ ከታች፣ በሯ ከላይ። አሮጌው ማረፊያ ለትናንሽ በረራዎች ሲያገለግል ቆይቶ እ.አ.አ. በ2012 ተዘጋ፣ የሄሊኮፕተር ማረፊያም ሆነ። ይህም በቴክኒክ የገፋው አገር ጭምር አሊዩ አምባዎች እንዳሉት ያሳያል። የቶኪዮው ናሪታ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። መንግሥት እ.አ.አ. በ1966 ማረፊያው እዚያ እንዲሠራ ሲወስን ገበሬዎቹን አላማከረም። ገበሬዎቹ እንቢ አሉ፣ ተማሪዎችም አብረዋቸው ቆሙ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ማረፊያው የተከፈተው ከብዙ መዘግየት በኋላ፣ እ.አ.አ. በ1978 ነው።

የአዲስ አበባም በር አንድ ቦታ አልቆመም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር፣ የከተማይቱ ማረፊያ ልደታ ነበር። በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ያን ጊዜ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ሄዶ በሩን ዋጠው። አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ በዓመት እስከ 100 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለ ማረፊያ ታቅዷል። መሬቱን ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎችም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ግድ ሆኗል። ማረፊያ አያስፈልግም የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። ነገር ግን መንገደኛው በሚቆጠርበት መዝገብ ውስጥ፣ መሬቱን የለቀቀውም ገበሬ በስሙ ሊጻፍ ይገባዋል እንላለን። አለዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ስለ አቡሴራ የሚያነቡት በዚያ ያለፉት እንግዶች የጻፉትን ብቻ ይሆናል።

፯

አሊዩ አምባ ዛሬም አለች። በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ወረዳ ውስጥ ያለች፣ ገበያዋ የሚቆም፣ ሰዎቿ የሚያርሱና የሚሸምኑ አነስተኛ ከተማ ናት። አርጎባው አለ፣ አማራው አለ። የአርጎባ ቋንቋ እንደ ሾንኬና ጦላሃ ባሉ የወሎ መንደሮች አሁንም ሲነገር፣ በዚህ በይፋት በኩል ግን በአብዛኛው ቦታውን ለአማርኛ ለቋል። ቋንቋም እንደ መንገድ ነው፤ የሚሄድበት ሲያጣ ሣር ይበቅልበታል።

ሁለት ዓይነት ታሪክ እንዳለ ከዚህ ተምረናል። አንዱ የግቢ ታሪክ ነው። ጸሐፊ ነበረው፣ ዜና መዋዕል ነበረው፣ መንገደኛም መጥቶ አድንቆታል። ሁለተኛው የበር ታሪክ ነው። ይኸኛው ጸሐፊ አልነበረውም። ያለው በቤተሰብ ወሬ፣ በትውልድ ቆጠራ፣ በመቃብር ድንጋይ፣ በየመንደሩ ስም፣ ሽማግሌ ለልጅ ልጁ ማታ ማታ በሚያወራው ነገር ውስጥ ነው። የግቢውን ታሪክ ቢጠፋብን ከሌላ ቅጂ እናገኘው ይሆናል፤ የበሩ ታሪክ ግን ቅጂ የለውም። አንድ ሽማግሌ ባረፉ ቁጥር አንድ መዝገብ ይቃጠላል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንለው አጭር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስንፈልግ ሁላችንም አንዱን ንጉሥ፣ አንዱን ጦርነት፣ አንዱን ውል ይዘን እንሮጣለን። ይኸ ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን ክረምት ላይ ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ቅፍለት ያራገፈበት፣ ባቡር የቆመበት፣ አውሮፕላን ያረፈበት ቦታ ከየአካባቢያችን አይጠፋም። እዚያ የተሸከመው ማነው? ያሳደረው ማነው? ያስተረጎመው ማነው? እህል ሸጣ ውኃ ቀድታ እንግዳውን ያኖረችው ማናት? ተሽጦ ያለፈውስ ማን ነበር? መንገዱ ሲዞር የቀሩትስ ምን በልተው ኖሩ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ከሽማግሌ ፊት ቁጭ ብንል፣ አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ይበቃናል።

ንጉሡ ከአንኮበር ሄዱ፤ ሄደው ታላቅ ከተማ ሠሩ፤ ይህንንም ታሪክ ጽፎላቸዋል። ከአቀበቱ ሥር የቀሩት ግን በራቸው ቢዘጋም ቤታቸውን አልዘጉም። ገበያቸውን አቁመው፣ እርሻቸውን አርሰው፣ ልጆቻቸውን አሳድገው እዚህ ደርሰዋል። የሄደውን የሚጽፍ ሞልቷል። የቀረውን ለመጻፍ ተራው የእኛ ነው።